ባልደረባችንን ማታ ወሰዱት፤ ዝም እንበል ወይስ እንጩህ?

ማስታወሻ ደብተር፦ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ ለዓመታት አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት።

የሥራ ባልደረባዬን ትናንት ማታ ከቤቱ ወሰዱት። እኔ እንደ እህቱ ነኝ። ሰዎቹ አራት ናቸው፣ ሲቪል የለበሱ። አንዱ መታወቂያ ነገር ብልጭ አድርጎ ወዲያው ኪሱ ከተተው። የፍርድ ቤት ማዘዣ አላሳዩም። "ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" አሉ። ላፕቶፑን፣ ሁለት ስልኮቹንና አንድ ጥቁር ደብተር ይዘው ሄዱ። ሚስቱ ለምና ነው እንጂ በነጠላ ጫማ ነበር የሚወስዱት።

ሥራችን በእስር ቤት ተደብድበው የወጡ ሰዎችን ቃል መቀበል ነው። እንመዘግባለን፣ ሪፖርት እናወጣለን። በቃ። ጠመንጃ የለን፣ ፓርቲ የለን።

ሚስቱ ዛሬ በማለዳ ሰፈሩ ወዳለው ጣቢያ ሄደች። "እኛ ጋ የለም" አሏት። ሁለተኛውም ጣቢያ እንደዚያው። ከዚያ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። "ባልሽ ደህና ነው። ለማንም ካላወራሽ ቶሎ ይወጣል። ካወራሽ ግን ነገሩ ይከብዳል።" ስሙን ሳይነግራት ዘጋው።

አሁን ግማሾቻችን ዝም እንበል እንላለን፣ ግማሾቻችን እንጩህ። እናንተ ምን ትላላችሁ?


አወያይ፦ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:52)

ክሩ ክፍት ነው። ግን የሰው፣ የአገርም የመሥሪያ ቤትም ስም እንዳትጽፉ። ፎቶም አትለጥፉ። ደህንነቶችም ኢንተርኔት አላቸው። የጻፈ ካለ አጠፋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።


ጠበቃ ነኝ በቃ፦ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15)

እህቴ፣ አይዞሽ። ዝም ወይስ ጩኸት የሚለውን ለከሰዓት እናቆየው። አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና ሚስቱ ጋ ሂጂ። አብራችሁ ተቀመጡና ሁሉንም ነገር ጻፉ።

በሩ ስንት ሰዓት ተንኳኳ? "ማታ" አይበቃኝም። ከሄዱ በኋላ ለማን ደወለች? ስልኳ ላይ ሰዓቱ አለ፤ ፎቶ አንሱት። መኪናው ምን ዓይነት ነው? ታርጋ ነበረው? ከአራቱ የሚያዘው የትኛው ነበር? እርስ በርስ ምን ብለው ተጠራሩ? የወሰዱትን ዕቃ በወረቀት ፈርመው ሰጧት ወይስ ዝም ብለው አንጠልጥለው ሄዱ? ያየ ጎረቤት አለ? ዛሬ በየጣቢያው "የለም" ያላት ማን ነው? ስሙን ካልነገራት መልኩን ትጻፈው። የደወለላትን ቁጥር እንዳታጠፋው።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። ሰው ሰኞ ማታ ይያዛል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ መዝገቡ "ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ተያዘ" ይላል። በመሃል ያሉት ቀናት ተዋጡ ማለት ነው። ሰው የሚደበደበው ብዙ ጊዜ በነዚያ ቀናት ነው። "ወዶና ፈቅዶ ሰጠ" የሚባለው ቃልም የሚፈረመው ያኔ ነው። በኋላ ጠበቃ ቢጮህ ምን ይዞ ይከራከራል?

ሕጉን በአጭሩ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰጂልኝ። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 የተያዘ ሰው ምክንያቱ እዚያው ሊነገረው ይገባል ይላል። በወንጀል ከተጠረጠረ ደግሞ በአፋጣኝ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። "በአፋጣኝ" ስንት ነው? የቃል ኪዳኑ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ማብራሪያ 48 ሰዓት ብዙውን ጊዜ በቂ ነው ብሏል። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ፍጹም ልዩ ምክንያት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሰዓቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ እየቆጠረ ነው።

ጠበቃ ያዙና አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ዛሬውኑ አስገቡ። "ይቅረብና የያዘው አካል ምክንያቱን ይንገረን" ነው ነገሩ።


ዝም አይነቅዝም፦ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:03)

የመድረክ ስሜን አይታችሁ እንዳትስቁ፤ አምኜበት ነው ያወጣሁት። የአጎቴ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ተወሰደ። ቤተሰቡ ዝም አለ። ሰው በሰው ተጠየቀ፣ ሽማግሌም ተላከ። በስድስተኛው ቀን ወጣ። የእሱ ጓደኛ ግን ስሙ በሬዲዮ ተነገረ፣ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ባለሥልጣን እልህ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ለመፍታት ያፍራል። መውጫ በር ተዉለት ነው የምለው።


የመስኮት ዳር፦ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20)

41 ቀን ታስሬ ወጥቻለሁ። እኔም ቃል ተቀባይ ነበርኩ።

@ዝም አይነቅዝም፣ የምትለው ይገባኛል፤ የኔ ቤተሰብም ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ነበር። ውስጥ ሆኖ ዝምታው ምን እንደሚመስል ግን ልንገርህ።

መርማሪዬ ጨዋ ሰው ነበር። አይሳደብም። ሲጋራ ይሰጠኛል። በየቀኑ ታዲያ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ "ማንም አልጠየቀህም እኮ። መሥሪያ ቤትህ እንኳ አላውቀውም ብሏል።" መጀመሪያ ስቄ አለፍኩት። በአሥረኛው ቀን አመንኩት። አምፖሉ ሌሊትም አይጠፋም። መስኮት የለም። የመድረክ ስሜን ያወጣሁት ለዚያ ነው። በቀን አንዴ ለመጸዳጃ ያወጡኛል፣ ሌላውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ ሰው መዘጋት "የብቸኝነት እስር" እንደሚባል ያነበብኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። ከ15 ተከታታይ ቀን ካለፈ የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ ባወጣቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ክልክል ነው። እኔ 15ቱን ቀን ስቆጥር ደንቡ መኖሩን መች አውቄ።

አንድ ቀን ሁሉም ነገር ተቀየረ። ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ሐኪም መጥቶ ደም ግፊቴን ለካ። መርማሪው "ማንም አልጠየቀህም" ማለቱን ተወ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ስወጣ ቀኑን አመሳከርኩት። ጓደኞቼ ስሜን ይፋ ካወጡ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ያስፈታኝ እሱ ነው አልልም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቆይቻለሁ። ብርድ ልብሱ ግን የመጣው ያኔ ነው።


ልባም፦ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:05)

ይቅርታ አድርጉልኝና ወረቀት፣ ሰዓት፣ አንቀጽ 9 እያላችሁ ሰው አታጃጅሉ። ቻይናዊው ጸሐፊ ሊዩ ሻቦ በ2009 መጨረሻ 11 ዓመት ተፈረደበት። በ2010 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ኦስሎ ላይ ሽልማቱ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዓለም በሙሉ ጮኸ። በ2017 በጉበት ካንሰር ሞተ፤ ሆስፒታል ሆኖም እስረኛ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ጩኸት አለ?


ታሪክ ወዳድ፦ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:30)

ልባም፣ እውነትህን ነው። ጩኸት ቁልፍ አይደለም። ግን ስለ "ወረቀት" ያልከውን አልቀበልም። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ቺሊ ውስጥ በ1973 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ሰው በየሌሊቱ ይወሰድ ጀመር። ቤተሰብ ሲጠይቅ "እኛ ጋ የለም"። ቃሉ ሁሉም አገር ላይ አንድ ነው መሰለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ጠበቆች ተሰባሰቡ። በ1976 ቪካሪያ የሚባለው ቢሮ ተከፈተ። ሥራቸው ምን ነበር? የእያንዳንዱን ቤተሰብ ቃል መጻፍ፣ ፎቶ ማያያዝና አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማስገባት። በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ ገባ። ፍርድ ቤቶቹ ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ውድቅ አደረጉት። ያኔ ልባም እዚያ ቢኖር "ወረቀት አታባክኑ" ይል ነበር።

በ1990 አገዛዙ ሲሄድ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሲጀምር ከምን ተነሣ? ከነዚያ ውድቅ ከተደረጉ ፋይሎች። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የመኪና ዓይነት፣ የምስክር ቃል፣ ሁሉም ተቀምጧል። ዓመታት ቆይቶም መኮንኖች ሲከሰሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አቤቱታውን ውድቅ ያደረገው ዳኛ ሳያውቀው ማኅተም መትቶ መዝገብ ቤት አስቀመጠላቸው።

ሌላ ምሳሌ፣ ከላኦስ። ሶምባት ሶምፎን የገጠር ልማት ሠራተኛ ነበር፣ የተከበረ ሽማግሌ። ዲሴምበር 15 ቀን 2012 ማታ ዋና ከተማዋ ቪየንቲያን ውስጥ ፖሊስ መኪናውን አስቆመው። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ባለቤቱና ቤተሰቡ ፖሊስ ዘንድ ሄደው የመንገዱን ካሜራ ቅጂ እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ይህቺን ነገር ልብ በሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በስልካቸው ቀረጹት። ፖሊስ ሲያስቆመው፣ መኪናውን ሌላ ሰው ሲነዳው፣ እሱን በሌላ መኪና ሲወስዱት ይታያል። መንግሥት "አላውቅም" እንዳለ ነው። ያ የስልክ ቅጂ ባይኖር ግን "ከቤት ወጥቶ ጠፋ" ተብሎ ይረሳ ነበር። ሰውየው እስካሁን አልተገኘም። ደስ የሚል ታሪክ ነው አላልኩም።


ማስታወሻ ደብተር፦ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:10)

አመሰግናለሁ። ጽፈናል። አራት ገጽ ወጣው። ስንጀምር ሚስቱ "ምንም አላስታውስም" ስትል ነበር። በሩ የተንኳኳው ልጇን አስተኝታ ለእናቷ ደውላ እንደጨረሰች ነው፤ ስልኳ 4:52 ይላል። ሲወጡ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት መብራት አብርቶ ነበር። አንደኛው ሌላውን "ሻምበል" ብሎ ጠርቶታል። ይህን የነገረችኝ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ነው፤ ድንገት ብድግ ብላ።

ጠበቃ አግኝተናል። አቤቱታው ነገ ጠዋት ይገባል።


ሕግ ይከበር፦ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:25)

ሁላችሁም ንጹሕ ነው ብላችሁ ፈርዳችኋል። መንግሥት ያለ ምክንያት ሰው አይዝም። እነዚህ ድርጅቶች ከውጭ ገንዘብ እየተቀበሉ አይደል የሚሠሩት? ንጹሕ ከሆነ ይጣራና ይወጣል።


ጠበቃ ነኝ በቃ፦ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00)

ይጣራ፤ ማን እንቢ አለ? እኛም የምንለው ይጣራ ነው። ዳኛ ፊት፣ ጠበቃ ባለበት፣ በሚታወቅ ቦታ። "እኛ ጋ የለም" ተብሎ ማጣራት የለም።

ስለ ገንዘቡ ግን ጥሩ አነሣህ፤ ክሱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። "ሰብአዊ መብት ተሟግቷል" ተብሎ የተከሰሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ግብር ነው፣ ኮንትሮባንድ ነው፣ ሽብር ነው፣ የሐሰት ወሬ ነው። ቤላሩስን እይ። አሌስ ቢያሊያትስኪ በ1996 ቪያስና የሚባል ድርጅት መሠረተ፤ እስረኞችን የሚረዳ። መንግሥት በ2003 የድርጅቱን ምዝገባ ሰረዘ። ምዝገባ ከሌለ በአገር ውስጥ ባንክ ሒሳብ መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡ በጎረቤት አገሮች፣ በእሱ ስም ተቀመጠ። ከዚያ "ግብር አጭበረበርክ" ተብሎ በ2011 አራት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። አየህ? መጀመሪያ በሩን ይዘጉብሃል፣ ከዚያ በመስኮት ገባህ ብለው ይከሱሃል። በ2014 ወጣ፣ በ2021 እንደገና ታሰረ፣ በ2022 እስር ቤት እያለ ኖቤል ተሸለመ፣ በ2023 ደግሞ 10 ዓመት። በዚህኛው ክስ አንዱ ጭብጥ ጥሬ ገንዘብ በድብቅ ማስገባት ነው።

እና እህቴ፣ የድርጅታችሁን የሒሳብ ሰነድ ዛሬ ማታ አደራጁት። ደረሰኝ በደረሰኝ።


ገመድ አልባ፦ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40)

ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ጥቁሩ ደብተር።

ደብተሩ ላይ የምስክሮች ስም አለ? ካለ አሁን አደጋ ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስልኮቹም ተይዘዋል። ዛሬውኑ ከሌላ መሣሪያ ገብታችሁ የጋራ ኢሜይላችሁንና የፋይል ማከማቻችሁን በእሱ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ከተወው ቦታ ሁሉ አስወጡት። የይለፍ ቃል ቀይሩ። ከቡድን መልእክቶች አውጡት። አይከፋውም።

ስልክ ሳይያዝም ስልክ ውስጥ ይገባል። የኤምሬትሱን የመብት ተሟጋች አህመድ ማንሱርን አስታውሱ። በኦገስት 2016 መልእክት መጣለት። በእስር ቤት ስለሚፈጸም ማሰቃየት አዲስ ምሥጢር አለ፣ ሊንኩን ተጫን ይላል። ለሱ ዓይነት ሰው ከዚህ የሚያጓጓ ነገር የለም። አልተጫነም። ቶሮንቶ ላሉት የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ላከው። ፔጋሰስ የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። አፕል በቀናት ውስጥ የሁሉንም አይፎን ቀዳዳ ደፈነ። እሱ ግን በማርች 2017 ሌሊት ቤቱ ተከቦ ተያዘ። 10 ዓመት ተፈረደበት። ሰሞኑን "ታስሯል የተባለው ሰው ቪዲዮ" ምናምን የሚል ሊንክ ቢመጣላችሁ እንዳትነኩት።


ጠበቃ ነኝ በቃ፦ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58)

ገመድ አልባ ያለው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የይለፍ ቃል መቀየርና ማስወጣት ሌላ፣ ፋይል ማጥፋት ሌላ ነው። ሰው ከተያዘ በኋላ የጠፋ ፋይል "ማስረጃ ማጥፋት" ተብሎ በናንተ ላይ ክስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ምንም ከመሰረዛችሁ በፊት ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩ። ምስክሮቹን ግን አስጠንቅቁ። በስልክ ሳይሆን በአካል።


የሁለት ልጆች እናት፦ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30)

ለሚስቱ ይድረስ። ባለቤቴ ሁለቴ ታስሯል። በሩ ላይ ከቆምኩት ሰዓት ብዛት የጠባቂዎቹን የጫማ ቁጥር አውቀው ነበር።

ልብስ ይዘሽ ሂጂ። ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ከከረጢቱ ጋር ስጪ። "የለም" ሲሉሽ አትጨቃጨቂ፤ "እሺ፣ ነገ እመለሳለሁ" በይና ነገ ተመለሽ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ። ጠባቂው ዝርዝሩ ላይ ጣቱን ሲያወርድ ፊቱን ሳይሆን ጣቱን እዪ። ስም ሲያጋጥመው ይቆማል። የኔ ባል መኖሩን ያወቅኩት አፉ "የለም" እያለ ጣቱ ስለቆመ ነው።

ልጁን አትዋሺው። እኔ "ለሥራ ሄዷል" ብዬ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሰምታ መጣች። ስልክ በደወለ ቁጥር ታለቅስ ነበር። "ሰዎች ወስደውታል፣ እኔ እየፈለግኩት ነው" በይው።


ዝም አይነቅዝም፦ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10)

ለማለት የፈለግኩት ተሳሳተ መሰለኝ። አቤቱታ አታስገቡ አላልኩም። ልብስ አትውሰዱ አላልኩም። እኔ የፈራሁት ሚዲያውን ነው። ቻይና ውስጥ ጠበቃ ዋንግ ኳንዣንግ በ2015 ብዙ ጠበቆች በታፈሱበት ጊዜ ተያዘ። ሚስቱ ሊ ዌንዙ አገር አወቃት። ባሏ የታሰረበት ከተማ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ ልትሄድ ተነሣች፣ ፀጉሯን አደባባይ ላይ ተላጨች። በቋንቋቸው "ፀጉር" እና "ሕግ" የሚሉት ድምፆች ይቀራረባሉና "ያለ ፀጉር መኖር ይቻላል፣ ያለ ሕግ ግን አይቻልም" ለማለት ነው። እና? ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በጁን 2019 ነው። አራት ዓመት ሊሞላ ሲል።


የመስኮት ዳር፦ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:45)

ሦስት ዓመት ገደማ የራሷ ጠበቆች እንኳ መኖር አለመኖሩን አያውቁም ነበር እኮ ወንድሜ። በሕይወት መኖሩ የተረጋገጠው በጩኸቷ መሃል ነው። ደግሞ ስትጮህ የነበረው እንዲፈቱት ብቻ አይደለም፤ እንዳይረሳ ነው። አንተ የምትቆጥረው የተፈታበትን ቀን ነው። እኔ ውስጥ ሆኜ የምቆጥረው ሌላ ነገር ነበር።

ግን በአንድ ነገር እስማማለሁ። የሚወስነው ማን ነው? እኛ እዚህ በመድረክ ስም ተደብቀን የምንጽፈው አይደለንም። ሚስቱ ናት። እሱም ከመያዙ በፊት የተናገረው ነገር ካለ። እኔ ለጓደኞቼ ቀድሜ "ብያዝ ሦስት ቀን ጠብቁና ጩኹ" ብያቸው ነበር። እነሱ ፈርተው ብዙ ጠበቁ። እስካሁን እናወራበታለን።


ማስታወሻ ደብተር፦ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:50)

አቤቱታው ገብቷል። ማኅተም ተመቶበት ቅጂው እጃችን ላይ ነው። ደህንነቱ ቢሮ መልስ እንዲሰጥ ዓርብ ተቀጥሯል።

የመስኮት ዳር ያለውን ለሚስቱ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ዓመት ሌላ ባልደረባችን ሲያዝ፣ እሱ ቁጭ ብሎ መግለጫውን ሲጽፍ "ለኔም እንዲህ አድርጊልኝ" ብሏት ነበር። ቀልድ መስሏት "አፍህን ዝጋ" አለችው። ዛሬ "ቀልድ አልነበረም ማለት ነው?" እያለች ጠየቀችኝ።

ወስናለች። ስሙ ዓርብ ይወጣል፣ ቢሮው መልስ ሰጠም አልሰጠም። መግለጫው ላይ ስድብ የለም፣ ፖለቲካ የለም። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን ተወሰደ። ዝም አይነቅዝም እንዳለው መውጫ በሩን ትተንላቸዋል።


ጠበቃ ነኝ በቃ፦ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30)

ጎበዝ። እስከዚያው ለተባበሩት መንግሥታትም ላኩ። በዘፈቀደ የሚፈጸም እስራትን የሚመለከተው የሥራ ቡድን ከ1991 ጀምሮ አለ፤ አምስት ባለሙያዎች ናቸው። መጀመሪያ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ጨርሱ አይልም። አስቸኳይ ጥሪም ይቀበላል። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾችን ጉዳይ የሚከታተል ልዩ ራፖርተርም (ገለልተኛ ባለሙያ ማለት ነው) አለ። የት እንዳለ እስካልታወቀ ድረስ ደግሞ የአስገድዶ መሰወር የሥራ ቡድኑ ጋ ሂዱ። የቤተሰብ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሚስቱ ትፈርም።

ልባም ከመምጣቱ በፊት ራሴ ልናገር። ፖሊስ የላቸውም። በር አይሰብሩም። ደብዳቤ ነው የሚጽፉት። ግን ደብዳቤው የሚደርሰው ሚኒስትር ስልክ አንሥቶ "ይሄ ሰው ማነው?" ማለቱ አይቀርም። አንዳንዴ የሚፈለገው ያቺ ጥያቄ ናት። የያዙት ሰዎች ሁልጊዜ ለበላይ ተናግረው አይይዙም።


ልባም፦ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:41)

መጣሁ። ምንም አልልም። በርቱ።


ማስታወሻ ደብተር፦ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 10:15)

አለ!

ሚስቱ ሦስተኛ ቀኗ ነው በሩ ላይ። ዛሬ ጠባቂው ከረጢቱን ተቀበላት። ምንም ሳይናገር ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ከረጢት ይዞ ወጣ። የሰኞው ሸሚዝ፣ የሰኞው ሱሪና ካልሲ። ሸሚዙን አገላብጣ አየች፤ ደም የለውም፣ ሁለት ቁልፍ ግን የለም። ካልሲዎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ከተጋቡ ጀምሮ የምትጨቀጭቀው በዚህ ነው፤ ቆሻሻ ካልሲ እንደዚያ እየጠቀለለ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፣ እሷ አንድ በአንድ ትፈታለች። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ካልሲውን ይዛ ስታለቅስ ሰው ከበባት። "እጁ ደህና ነው፣ እጁ ደህና ነው" ትላለች። ማንም አልገባውም።


የሁለት ልጆች እናት፦ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 10:22)

እልልል! ቁልፉ የጎደለውን ሸሚዝ ሳታጥብ በንጹሕ ከረጢት ታስቀምጠው።


ማስታወሻ ደብተር፦ (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 5:00)

ትናንት ፍርድ ቤት አቀረቡት። አቤቱታው በሚሰማበት ሰዓት ነው ይዘውት የመጡት። ከስቷል። ግራ ዓይኑ ሥር ያረጀ ሰማያዊ ነገር አለ። ሲያየን እጁን ማንሣት ፈልጎ ካቴናው ያዘው።

የደህንነቱ ሰው ወረቀት አቀረበ። "ተጠርጣሪው ሐሙስ ጠዋት ተያዘ" ይላል። ጠበቃ ነኝ በቃ፣ ሐሙስ ብለህ ነበር። ሐሙስ! ጠበቃችን ተነሥቶ የስልኩን 4:52፣ የጎረቤቱን ቃል፣ የሁለቱን ጣቢያ "የለም" እና የረቡዕ ማኅተም ያለበትን አቤቱታ አንድ በአንድ አስቀመጠ። "ሐሙስ ለተያዘ ሰው ረቡዕ አቤቱታ እንዴት ይገባል?" አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ደግመው አነበቡ። ከዚያ ለጸሐፊዋ "ጻፊ" አሏት። የተያዘበት ቀን አከራካሪ መሆኑ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሐኪም እንዲያየውም ታዘዘ።

ግን አልተፈታም። 14 ቀን ቀጠሮ ሰጡበት። ዋስትናም ተከልክሏል። ክሱ ምን እንደሆነ ገና አልተነገረንም። ጥቁሩን ደብተር በተመለከተ ደግሞ፣ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ "ባዶ ነው" አለኝ። አዲስ ደብተር ነበር።

ስሙ ወጥቷል። መግለጫው ትናንት ከሰዓት ወጣ።


ዝም አይነቅዝም፦ (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 5:18)

እግዚአብሔር ያስፈታው። በሰው በኩል የምጠይቅለት ካለ በግል ጻፊልኝ።


ጠበቃ ነኝ በቃ፦ (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 5:25)

ዓይኑ ሥር ያየሽውን ቀለሙን፣ መጠኑን፣ የትኛው ወገን እንደሆነ አሁን ጻፊው። በ14 ቀን ውስጥ ይጠፋል። ችሎት የገባው ስንት ሰዓት ነበር?


ማስታወሻ ደብተር፦ (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 5:27)

ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35። ጽፌዋለሁ።